አየር የሚመዝነው ሽቦ

1 ግራም ቤንዚን በሞተር ውስጥ ተሟልቶ እንዲቃጠል 14.7 ግራም ያህል አየር ያስፈልገዋል። አየሩ ካነሰ ነዳጁ ሳይቃጠል በጭሱ ይባክናል፤ ከበዛ ደግሞ ሞተሩ ጉልበት ያጣል፣ ይንተፋተፋልም። ስለዚህ ነዳጅ የሚረጨው በኮምፒውተር ትእዛዝ የሆነ መኪና ሁሉ አስቀድሞ የገባውን አየር መጠን ማወቅ ግድ ይለዋል። በብዙዎቹ መኪኖች ይህን የሚነግረው ከአየር ማጣሪያው ወይም ከፊልትሮው ቀጥሎ በቱቦው ላይ የተተከለው የአየር ፍሰት ሴንሰር ነው። የሴንሰሩን አሠራርና ስህተቱ የሚታረምበትን መንገድ ለማስረዳት በናይሮቢ ሰሜናዊ ክፍል የምትገኘው ሩንዳ የተባለችው የመኖሪያ ሰፈር በሁለት ምክንያት ትመቻለች፤ አንደኛው ከፍታዋ ሲሆን ሁለተኛው ጉርብትናዋ ነው።

በስፋት የሚሠራበት ሴንሰር የጋለ ሽቦ የሚባለው ዓይነት ነው። በቱቦው ውስጥ ያለች ቀጭን የፕላቲነም ሽቦ ሙቀቷ ከሚገባው አየር በተወሰነ ዲግሪ እንዲበልጥ ኤሌክትሪክ ይላክባታል፤ የሚያልፈው አየር ሲያቀዘቅዛት ሙቀቷን ለመመለስ ተጨማሪ ኤሌክትሪክ ስለሚያስፈልግ፣ የጭማሪው መጠን ያለፈውን አየር ክብደት ይናገራል። ከዚህ ቀደም በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የተስፋፋው የቦሽ ኩባንያ የነዳጅ መርጫ ሥርዓት፣ ኤል ጀትሮኒክ፣ አየሩ በሚገፋው ክዳን አማካይነት ይለካ የነበረው ይዘትን እንጂ ክብደትን አልነበረም፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ የመጣው ኤልኤች ጀትሮኒክ ግን በጋለ ሽቦ ክብደቱን በቀጥታ መለካት ጀመረ።

በይዘትና በክብደት መካከል ያለው ልዩነት በተለይ በደጋ አገር ይጎላል። በሞምባሳ ወደብ የወረደ መኪና 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳላት ናይሮቢ ሲወጣ፣ እያንዳንዱ ሊትር አየር ከክብደቱ 16 በመቶ ያህሉን ያጣል፤ 2,400 ሜትር ገደማ በሆነችው አዲስ አበባ ደግሞ የሚጎድለው ከ20 በመቶ ይበልጣል። ለባሕር ጠረፍ የተስተካከለ ካርቡሬተር ይህን ለይቶ ስለማያውቅ ደጋ ላይ ነዳጅ ያበዛል፣ ጥቁር ጭስም ያወጣል። የጋለ ሽቦ ያለው መኪና ግን የሳሳውን አየር እንደ ሳሳ ስለሚመዝን ነዳጁንም በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ በመሆኑም ሩንዳ የደረሰ ጤናማ መኪና ጉልበቱ ቢቀንስም የነዳጅና የአየር ምጥጥኑ አይዛባም።

ሚዛን ሁሉ ተቆጣጣሪ እንደሚያስፈልገው ይህም ሴንሰር በጭስ ማውጫው ላይ የተተከለ ተቆጣጣሪ አለው። ይህ ኦክስጅን ሴንሰር በ1976 እ.ኤ.አ. በቮልቮ መኪና ላይ ለገበያ የቀረበ ሲሆን፣ በጭሱ ውስጥ የተረፈውን ኦክስጅን እያየ ቅልቅሉ ነዳጅ እንደበዛበት ወይም እንዳነሰበት ለኮምፒውተሩ ያስታውቃል። ኮምፒውተሩም በሂሳብ ያወጣውን የነዳጅ መጠን በመቶኛ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል፤ መካኒኮች ፊዩል ትሪም የሚሉት የነዳጅ እርማት ይህ ነው። በየቅጽበቱ የሚለዋወጠው የአጭር ጊዜ እርማት ሲባል፣ ከልምድ ተጠራቅሞ በማኅደር የሚቀመጠው የረጅም ጊዜ እርማት ይባላል። የሁለቱ ድምር አዎንታዊ ከሆነ ነዳጅ እየተጨመረ፣ አሉታዊ ከሆነ እየተቀነሰ መሆኑን ያሳያል፤ በተለምዶ ከ10 በመቶ ያልበለጠ ድምር እንደ ጤና ይቆጠራል።

የሩንዳ ጉርብትና የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። በቤንዚን ላይ ይጨመር የነበረው እርሳስ ኦክስጅን ሴንሰሩንም ሆነ ጭስ የሚያጣራውን ካታሊስት ስለሚያበላሽ፣ እርሳስ ባለበት አገር እርማቱ የሚታመን ምስክር ሊሆን አይችልም። ነዳጅን ከእርሳስ ለማጽዳት በ2002 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ዓለም አቀፍ ጥምረት ጽሕፈት ቤቱ የነበረው ከሩንዳ አጠገብ በጊጊሪ በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም ዋና መሥሪያ ቤት ነው። ኢትዮጵያ በ2004፣ ኬንያም ከሌሎቹ ከሰሐራ በታች ያሉ አገሮች ጋር እስከ 2006 ድረስ እርሳስ ያለበትን ቤንዚን አስቀሩ፤ በ2021 አልጄሪያ የመጨረሻዋ አገር ሆና ስትተወው ዘመኑ በዓለም ዙሪያ ተዘጋ።

የእርማቱ ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ትርጉም የሚሰጠው ሞተሩ በምን ሁኔታ ላይ እያለ እንደታየ ሲታወቅ ነው። ለምሳሌ 1.5 ሊትር የሆነ ሞተር ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም መርገጫው ሳይነካ ሲዞር፣ በሰከንድ 2 ግራም ያህል አየር ይስባል። ከሴንሰሩ በኋላ ባለ የተቀደደ ጎማ ቱቦ 0.4 ግራም ሳይመዘን ከገባ ስህተቱ 20 በመቶ ይሆናል፤ ሞተሩ 20 ግራም በሚስብበት ፍጥነት ላይ ግን ያው ቀዳዳ ከ2 በመቶ አያልፍም። ስለዚህ ሚኒሞ ላይ ከፍ ብሎ ሞተሩ ሲፈጥን የሚወርድ እርማት አየር ሾልኮ የመግባቱ ምልክት ሲሆን፣ ጭነት በበዛ ቁጥር የሚጨምር እርማት የቆሸሸ ሽቦ ወይም የደከመ የነዳጅ ፓምፕ ምልክት ነው። ሁለቱም መኪናው ፒ0171 የሚለውን ኮድ፣ ማለትም ነዳጅ ያነሰበት ቅልቅል ማስጠንቀቂያን፣ እንዲያወጣ ሊያደርጉ ይችላሉ። ብልሽት ያልሆነም ምክንያት አለ፤ በኢትዮጵያ በ2008 እ.ኤ.አ. በ5 በመቶ ተጀምሮ በ2011 ወደ 10 በመቶ ያደገው የኢታኖል ቅልቅል፣ ኢታኖል ለመቃጠል ከቤንዚን ያነሰ አየር ስለሚፈልግ፣ 10 በመቶ ሲደርስ እርማቱን በ4 በመቶ ገደማ ከፍ ያደርገዋል።

ካሊብሬሽን የሚባለው ሥራ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሴንሰሩ የሚልከው የኤሌክትሪክ ምልክት ስለሆነ፣ ኮምፒውተሩ ምልክቱን ወደ ግራም የሚተረጉምበት ሰንጠረዥ በፋብሪካ ተጽፎለታል። በፋብሪካው ቱቦና ፊልትሮ የሚሄድ መኪና ሰንጠረዡን መንካት አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው አቧራ የያዘችውን ሽቦ ለዚሁ በተሠራ ስፕሬይ፣ በእጅም በጨርቅም ሳይነኩ፣ ማጠብና አድርቆ መመለስ፣ ከዚያም የተጠራቀመውን እርማት ከማኅደር ሰርዞ እንደገና መመልከት ነው። የአየር ቱቦው በሰፊ ከተለወጠ ግን በሽቦዋ ላይ የሚያልፈው አየር ከጠቅላላው ያለው ድርሻ ስለሚለወጥ ሰንጠረዡ መታረም አለበት። በአንድ የምልክት ነጥብ ላይ ሰንጠረዡ 20 ግራም እያለ የሁለቱ እርማቶች ድምር 8 በመቶ ከሆነ፣ አዲሱ ቁጥር 20 በ1.08 ተባዝቶ 21.6 ይሆናል፤ አጎራባቾቹ ነጥቦችም አብረው ይለዝባሉ፣ ልኬቱም ድምሩ ወደ ዜሮ እስኪቀርብ ይደጋገማል። መርገጫው እስከ ወለሉ ሲረገጥ ኮምፒውተሩ የኦክስጅን ሴንሰሩን እርማት ስለማይከተል፣ ለዚያ ክፍል ሰፋ ያለ መጠን የሚለካ ሌላ ኦክስጅን መለኪያ መጠቀም ግድ ነው።

ሰንጠረዡን መለወጥ የተቀደደን ቱቦ ወይም የደከመን ፓምፕ መሸፈኛ ሊሆን አይገባም፤ ሚዛኑን በሐሰት ማቅናት ነውና። ኮምፒውተሩ ነዳጁን ብቻ ሳይሆን ካንዴላው የሚተኩስበትን ጊዜም የሚወስነው በዚሁ የአየር ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ከእውነቱ ካነሰ ካንዴላው ያለጊዜው ተኩሶ ሞተሩን ያንኳኳል፣ ከበዛም ተኩሱ ዘግይቶ ጉልበቱ ይወድቃል። ኢትዮጵያ በ2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ በመከልከሏ በመንገድ ላይ ያሉት ረዘም ላለ ጊዜ መቆየታቸው ስለማይቀር፣ በጋራዥ ውስጥ የሰንጠረዡን ቁጥር ከመቀየር በፊት እርማቱ ምን እንደሚል ማንበብ ከቀድሞው ይበልጥ ዋጋ ያለው ሙያ ሆኗል።