መሣሪያም እንደ ፈረስ ገሪ ይሻል

ወላጆች ስለ ልጆቻቸው የወደፊት ኑሮ ሲመካከሩ አንዱ ሐኪም፣ አንዱ መሐንዲስ፣ ሌላው ነጋዴ እንዲሆንላቸው መመኘታቸው የተለመደ ነው። መምህርነት ግን ከዚህ ምኞት ውስጥ እምብዛም አይገኝም። ከመምህርነት የሚወለድና በዘመናችን እጅግ የሚያስፈልግ አንድ ሙያ ደግሞ ስሙ እንኳ በብዙ ቤት ገና አልተሰማም፤ ይኸውም በትምህርት ቤት የትምህርት ቴክኖሎጂ ኃላፊ መሆን ነው። ሙያው ለማን እንደሚጠቅም ለመረዳት ከባሕር ዳር በስተ ደቡብ ምዕራብ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በአዲስ አበባ መንገድ ላይ የምትገኘውን ዳንግላንና በዙሪያዋ ያለውን ገጠር እያሰብን እንመልከተው።

የትምህርት መሣሪያ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ብራናና የመቃ ብርዕ ከጥንት ጀምሮ ነበሩ። ተስፋ ገብረ ሥላሴ ያሳተሙት የፊደል ገበታም በየቤቱ ገብቶ ስንቱን ሕፃን ፊደል አስቆጥሯል። ዳሩ ግን ሕፃኑ በስንደዶ ፊደሉን እየነካ ሲቆጥር የኔታ፣ ወይም ቀድሞ የተማረ ታላቅ ልጅ፣ ከአጠገቡ ሆኖ ያርመው ነበር። እንግዲህ መሣሪያ፣ ተማሪና አራሚ ሦስቱ ካልተገናኙ ትምህርት እንደማይሆን አባቶቻችን ዐውቀውት ኖረዋል።

ዘመናዊው መሣሪያ ሲመጣ ግን ይህ ዕውቀት በየጊዜው ተዘንግቷል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ሥራውን ጀመረ፤ ብዙም ሳይቆይ ለትምህርት ቤቶች የሚሆን ትምህርት ማስተላለፍ ያዘ። ከሁሉ የሚበልጠው ሙከራ የተደረገው ግን በ1996 እና በ1997 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፣ በአገሪቱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች «ፕላዝማ» የሚባለው ሰሌዳ ተሰቀለ። ትምህርቱ በደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ ቋንቋ ይተላለፍ ነበር። ዓላማው የተመሰገነ ነበረ፤ በቂ መምህርና ቤተ ሙከራ በሌለበት ገጠር የሚኖረው ልጅ የከተማው ልጅ የሚያየውን እንዲያይ ታስቦ ነው።

ችግሩ ከሥራው ላይ ታየ። በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ሕፃናት በታችኛው ክፍል በአዊኛ ወይም በአማርኛ ይማራሉ፤ ዘጠነኛ ክፍል ሲገቡ ግን የትምህርቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ ይሆናል። በሰሌዳው ላይ ያለው አስተማሪ ያልለመዱትን አነጋገር እያፈጠነ ሲያልፍ «ቆይ፣ አልገባኝም» የሚለውን ተማሪ አይሰማም። የክፍሉ መምህር በክፍለ ጊዜው መጀመሪያና መጨረሻ ከተተወለት ጥቂት ደቂቃ በቀር ተመልካች ሆኖ ቀረ። መብራት በጠፋ ጊዜ ደግሞ የዕለቱ ትምህርት አብሮ ጠፋ። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ለሕፃናት የተሠሩ ጥቂት ሺህ ትንንሽ ኮምፒዩተሮች ለተወሰኑ ትምህርት ቤቶች በተሰጡ ጊዜም፣ መሣሪያውን ከትምህርቱ ጋር የሚያያይዝ በቂ ሥልጠና መምህራኑ ስላላገኙ ልጆቹ በክፍል ውስጥ በጨዋታ ተጠመዱ የሚል ቅሬታ ተሰማ።

የአዊ ሕዝብ ፈረስ ያውቃል። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ሲያከብር የሚታየው የፈረሱ ጉልበት ብቻ ሳይሆን የገሪውም ልፋት ነው። ያልተገራ ፈረስ ግን የቱንም ያህል ዋጋ ቢከፈልበት ጌታውን መጣሉ አይቀርም። የትምህርት መሣሪያም እንዲሁ ነው፤ ስለዚህ ገሪ ያስፈልገዋል።

የዚህ ገሪ ሥራ ምንድን ነው? ብዙዎች የተበላሸ ኮምፒዩተር መጠገን ብቻ ይመስላቸዋል። ጥገናው ከሥራው አንዱ ክፍል ነው እንጂ ዋናው አይደለም። ኃላፊው መሣሪያ ከመገዛቱ በፊት «ይህ የትኛውን ትምህርት ያሻሽላል? መምህሩስ ሊያቆመው፣ ሊደግመውና በልጁ ቋንቋ ሊያብራራው ይችላልን?» ብሎ ይጠይቃል። ከዚያም መምህራንን በየተራ ያሠለጥናል፤ ጥቂቱ ኮምፒዩተር ለሁሉም ክፍል እንዲዳረስ ሰሌዳ ያወጣል፤ ለመለዋወጫ የሚሆን በጀት ከርእሰ መምህሩ ጋር ይሟገታል፤ ሕፃናት ከማይገባ ነገር እንዲጠበቁም ይተጋል። መሣሪያው ተቆልፎ አቧራ እንዳይለብስ፣ ተከፍቶም መጫወቻ እንዳይሆን መካከለኛውን መንገድ መጠበቅ የእርሱ ፈንታ ነው።

ይህ ኃላፊነት ቀላል እንዳይመስለን የቅርቡን ዘመን እናስታውስ። መጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ትምህርቱ በአብዛኛው በሬድዮና በቴሌቪዥን ተሰጠ፤ ሁለቱም የሌሉት ቤት ግን ከትምህርቱ ተለየ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ለወራት ተቋርጦ ነበር። ስለዚህ አስተዋይ ኃላፊ ተስፋውን በኢንተርኔት ላይ ብቻ አይጥልም። ትምህርቱን በፍላሽ ቀድቶ ያስቀምጣል፤ ያለ ኢንተርኔት ኮምፒዩተሮቹን እርስ በርስ ያገናኛል፤ ለመብራቱም ሶላር ይፈልጋል።

በዚህ ሁሉ መካከል በ2016 ዓ.ም. የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ ለተፈታኞቹ ከፊል በኮምፒዩተር ተሰጠ። እንግዲህ ከዳንግላ ገጠር የመጣች አንዲት ልጃገረድ ሒሳቡን ዐውቃ ሳለ፣ ማውሱን በፈተናው ቀን ገና ለመጀመሪያ ጊዜ ብትጨብጠው፣ የምትወድቀው በዕውቀቷ ማነስ ነውን? አይደለም። አስቀድሞ እጇን የሚያለማምድላት ሰው በትምህርት ቤቷ ባለመኖሩ ነው። የዐሥራ ሁለት ዓመት ድካም በዚህ ምክንያት እንዳይባክን ማድረግ የዚህ ሙያ ትልቁ ዋጋ ነው።

ወደ ሙያው የሚወስደው መንገድ በክፍል ውስጥ ይጀምራል። ወጣቱ አስቀድሞ አንድ ትምህርት ተምሮ፣ ጠመኔ ጨብጦ ጥቂት ዓመት ቢያስተምር መልካም ነው፤ ያላስተማረ ሰው የመምህሩን ጭንቀት አያውቅምና። ቀጥሎ የኮምፒዩተር ዕውቀትን፣ የሥርዓተ ትምህርት ጥናትንና የትምህርት አመራርን ይጨምርበታል። ለዚህ ሩቅ አገር መሄድ የግድ አይደለም፤ እንጅባራ የመምህራን ኮሌጅም ዩኒቨርሲቲም አላት። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም በ1992 ዓ.ም. ሲመሠረት የተወለደው ከሁለት ቤቶች፣ ማለትም ከፖሊቴክኒኩና ከመምህራን ኮሌጁ መዋሐድ ነው። ይህም ብልሃትና መምህርነት በአንድ ቤት ሊያድሩ እንደሚገባ ያስታውሰናል።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ የተበላሸ ሬድዮ ፈትቶ መጠገን ቢወድ፣ ያወቀውንም ለታናናሾቹ በትዕግሥት ቢያስረዳ፣ ሁለቱን ጠባዮች አንድ ላይ አሳድጉለት። የመጀመሪያው ብቻ ቢሆን ጥሩ ጠጋኝ፣ ሁለተኛው ብቻ ቢሆን ጥሩ መምህር ይወጣዋል። ሁለቱ ሲገናኙ ግን የብዙ ትምህርት ቤቶች ዕቃ ቤት ውስጥ ተቆልፎ የተቀመጠውን ሀብት ለልጆች የሚያደርስ ሰው ታገኛላችሁ። በየትምህርት ቤቱ የወላጆች ኮሚቴ የምትሰበሰቡም «ስንት ኮምፒዩተር መጣልን?» ብላችሁ ብቻ አትነሡ፤ «በኃላፊነት የሚይዘውስ ማን ነው?» ብላችሁም ጠይቁ።