ከመሪው ኋላ ያለው ቢሮ

የትራፊክ አደጋ ዜና አነጋገሩ የታወቀ ነው፤ ቦታው፣ የሟቾቹ ቁጥር፣ ከዚያም «የአደጋው መንስኤ በፍጥነት ማሽከርከር ነው»። ሕዝቡም በበኩሉ አይሱዙን «አልቃይዳ»፣ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር» ብሎታል። ጥፋቱ ለሾፌሩ፣ ቅጽል ስሙ ለመኪናው ደረሰ። ሾፌሩን ቀጥሮ፣ የመድረሻ ሰዓት ቆርጦ ያሰማራው ድርጅት ግን እምብዛም አይነሳም።

ብዙ መኪና ያላቸው ድርጅቶች አደጋ ለመቀነስ ማረም ያለባቸው ሾፌሩን ነው ወይስ አሠራራቸውን? ክርክሩ አስርት ዓመታትን አስቆጥሯል።

የስዊድኑ የስልክ መሥሪያ ቤት ቴሌቬርኬት ጉዳዩን በሙከራ አይቶታል። ሾፌሮቹን 900 ገደማ እያደረገ በቡድን ከፈላቸው። አንዱ ቡድን የማሽከርከር ሥልጠና ወሰደ፤ ሌላው የቅስቀሳ ጽሑፍ ደረሰው፤ ሦስተኛው አደጋ ካላደረሰ ጉርሻ እንደሚያገኝ ተነገረው። አራተኛው እየተሰበሰበ በሥራው ላይ ስለሚገጥመው አደጋ ተነጋገረ፤ እያንዳንዱም ከዚህ በኋላ ምን እንደሚለውጥ ራሱ ወሰነ። ለማነጻጸሪያ ምንም ያልተደረገለት ቡድንም ነበር። ኒልስ ፔተር ግሬገርሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ውጤት አደጋ ከሁሉ ይበልጥ የቀነሰው የተነጋገሩት ዘንድ ነው። ሥልጠናና ጉርሻ ለአለቆች የሚቀሉ መፍትሔዎች ናቸው፤ ጉርሻ ደግሞ ትንሿን ግጭት ደብቆ ማለፍን ሳያስተምር አይቀርም።

ንግግሩ ብቻውን ግን ሾፌሩን የሚያስቸኩለውን የሥራ ሰዓትና ክፍያ አይለውጥም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው ደንብ የከባድ መኪና ሾፌር አራት ሰዓት ተኩል ከነዳ በኋላ 45 ደቂቃ እንዲያርፍ፣ በቀን ከ9 ሰዓት በላይ እንዳይነዳ (በሳምንት ሁለት ቀን እስከ 10 ይፈቀዳል) ያዛል። ብዙም የማይወራለት አንቀጹ ድርጅቱን ይመለከታል፤ የመንገድን ደኅንነት አደጋ ላይ የሚጥል ከሆነ በኪሎ ሜትር ወይም በጭነት ብዛት መክፈል ክልክል ነው። በአሜሪካ ጄ.ቢ. ሀንት የተባለው የጭነት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1997 የሾፌሮቹን ክፍያ በሲሶ ገደማ ከፍ አደረገ። ሥራ የሚለቁት ቁጥር ወረደ፣ ልምድ ያላቸው ሾፌሮች መጡ፣ ግጭትም ቀነሰ።

አውስትራሊያ ከዚህም ርቃ ሄዳለች። በሕጓ ጫኙ፣ ሰዓት የሚመድበውና ሥራ አስኪያጁ ሁሉ በየድርሻቸው ተጠያቂ ናቸው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2020 ሜልበርን ውስጥ እንቅልፍ ያጣና አደንዛዥ ዕፅ የወሰደ ሾፌር በከባድ መኪና አራት ፖሊሶችን ገደለ። ሾፌሩ ታሰረ፤ ነገሩ ግን በእሱ አላበቃም፤ መርማሪዎቹ ያሰማራውን ድርጅት ተከታትለው ኩባንያው ከ2 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር በላይ ተቀጥቷል።

ወደ ኢትዮጵያ፣ ወደ ጅቡቲው መንገድ ስንመለስ ታሪኩ ሩቅ አይሆንም። አብዛኛው የአገሪቱ ገቢ ዕቃ በአዋሽ፣ በሚሌና በጋላፊ በኩል ይገባል። በብዙ ድርጅቶች የሾፌሩን ኪስ የሚሞላው መደበኛው ደመወዝ ሳይሆን በየምልልሱ የሚታሰበው ነው። ወደብ ላይ ጭነት ሲጠብቅ የባከነውን ቀን የሚያካክሰው መንገድ ላይ ነው፤ በአፋር ሙቀት፣ በሌሊት፣ አንዳንዴም በጫት ምርቃና። መኪናው ላይ የተገጠመው ጂፒኤስ ፍጥነቱን ለቢሮው ያሳያል። ስምሪት ክፍሉ የቆረጠው ሰዓት በተፈቀደው ፍጥነት የሚደረስበት መሆን አለመሆኑን ግን የሚመዘግብ መሣሪያ የለም።

ስለዚህ ከአደጋ በኋላ የሚጠየቀው መንጃ ፈቃድ ብቻ መሆን የለበትም። መርማሪው የስምሪት ወረቀቱን፣ የአከፋፈል ውሉንና ሾፌሩ ባለፉት ሁለት ቀናት ስንት ሰዓት እንዳረፈ የሚያሳየውን መዝገብ ያስቀርብ፤ መዝገቡ ከሌለ ያ ራሱ በድርጅቱ ላይ የሚቆጠር ጥፋት ይሁን።