ለፈጣን ጀልባዎች ስተርን ድራይቭና ፕሮፔለር ሲመረጥ ሊታወቁ የሚገባቸው ነጥቦች

ስተርን ድራይቭ ሞተሩ በጀልባው የኋለኛ ክፍል ውስጥ፣ ፕሮፔለሩን የሚያሽከረክረው ክፍል ደግሞ ከጀልባው ውጭ የሚገኝበት የማንቀሳቀሻ ዓይነት ነው።

ባለአንድ ፕሮፔለሩ በዋጋ አነስተኛ፣ በጥገና ቀላል ነው፤ ሆኖም ሽክርክሪቱ ጀልባውን ወደ አንድ ጎን ይስባል። ባለሁለት ፕሮፔለሩ ዋጋው ቢጨምርም ሁለቱ በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚሽከረከሩ ጀልባው አቅጣጫውን ጠብቆ ይጓዛል።

ከዓይነቱ ባሻገር ወሳኙ ፒች ነው። ፒች ማለት ፕሮፔለሩ አንድ ዙር ሲሽከረከር ወደፊት ሊጓዝ የሚገባው ርቀት ሲሆን በኢንች ይለካል። ከፍተኛ ፒች ለፍጥነት ይረዳል፤ ነገር ግን ብርቱ ሞተር ይጠይቃል።

ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ በሚገኘው ጣና ሐይቅ አየሩ ስስ በመሆኑ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከኃይሉ አንድ ስድስተኛ ያህሉን ያጣል። በዝቅተኛ ቦታ ተስማሚ የነበረ ፕሮፔለር በዚያ ለሞተሩ ይከብደዋል፤ ሞተሩ ይጨናነቃል፣ ነዳጅ ያባክናል፣ ዕድሜውም ያጥራል።

ስለሆነም የጀልባ ባለንብረቶች ጀልባውን በተለመደው ጭነት፣ በሙሉ የነዳጅ አሰጣጥ ሞክረው የሞተሩን ዙር ከአምራቹ መመሪያ ጋር ሊያነጻጽሩ ይገባል። ዙሩ ከተወሰነው በታች ከሆነ ዝቅተኛ ፒች ያለው ፕሮፔለር ይገጠማል፤ አንድ ኢንች ሲቀነስ ዙሩ በደቂቃ ከ150 እስከ 200 ገደማ ይጨምራል።