ጦርነትና ማዕቀብ በበረዶ ሜዳ ላይ

ፊገር ስኬቲንግ በተባለው የበረዶ ላይ ስፖርት የተወዳዳሪው ምርጥ ዘመን እጅግ አጭር ነው። ሩስያ ዩክሬንን ከወረረች ሳምንት ሳይሞላ፣ እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 2022 ዓለም አቀፉ የስኬቲንግ ማኅበር የሩስያንና የቤላሩስን ተወዳዳሪዎች አገደ። ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ በ17 ዓመቷ የኦሊምፒክ ወርቅ ላገኘችው ለአና ሽቸርባኮቫ፣ በ2021 የወሰደችውን የዓለም ሻምፒዮንነት ሞንፔልዬ ላይ የምታስጠብቅበት በር ተዘጋ። በዚያው ውድድር ዩክሬናዊው ኢቫን ሽሙራትኮ በጌጠኛ ልብስ ፈንታ የልምምድ ልብስ ለብሶ ቀረበ።

ጃፓናዊቷ ካኦሪ ሳካሞቶ ከ2022 እስከ 2024 በተከታታይ ብታሸንፍም፣ «ሩስያውያኑ ቢኖሩስ?» ለሚለው የተመልካች ጥያቄ መልስ አልተገኘም። ለ2026ቱ ኦሊምፒክ ማጣሪያ ግን ከየአገሩ በየዘርፉ አንድ ብቻ፣ ያለ ሰንደቅ ዓላማ፣ ተፈቀደ።

ከዚህ እንደምንረዳው ማዕቀቡ ያነጣጠረው በመንግሥት ላይ ቢሆንም ዋጋው የሚከፈለው በወጣት ዕድሜ ነው። ይሁን እንጂ ዩክሬናዊው ያለ ጥፋቱ የደረሰበትን ስንመዝን፣ እገዳው አግባብ አልነበረም ለማለት አንደፍርም።