ስልኩን የሚያነሳው ባለሙያ

አሜሪካ ውስጥ 911 ሲደወል ስልኩን የሚያነሳው ሰው ሐኪም አይደለም። አምቡላንስ እስኪደርስ ባሉት ደቂቃዎች ግን ከታማሚው አጠገብ ያለው እውቀት የእሱ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው የ911 ጥሪ የተደረገው እ.ኤ.አ. በ1968 በአላባማዋ ሄይሊቪል ከተማ ነው። በዚያ ዘመን ከጥሪ ተቀባይ የሚጠበቀው አድራሻ መዝግቦ መኪና ማሰማራት ነበር። ይህን አሠራር ከለወጡት አንዱ የሶልት ሌክ ሲቲው ሐኪም ጄፍ ክላውሰን ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ ለደረት ሕመም፣ ለምጥ፣ ለመታነቅና ለመሳሰሉት ምን እንደሚጠየቅና ጠሪው ምን እንዲያደርግ እንደሚነገረው በቅደም ተከተል የሚያሳዩ ካርዶች አዘጋጀ። ካርዶቹ ዛሬ ኮምፒውተር ውስጥ ገብተው በብዙ አገሮች ይሠራባቸዋል። ለዚህ የሚሰጠው መሠረታዊ የሕክምና ጥሪ ሥልጠና 24 ሰዓት ነው፤ ፈተና አለው፤ የምስክር ወረቀቱም በየሁለት ዓመቱ ይታደሳል።

ከትምህርቱ ሁሉ ከባዱ ስለ ትንፋሽ የሚሰጠው ይመስለኛል። ልቡ የቆመ ሰው ለጥቂት ጊዜ ሊያጣጥር፣ ሊያንኮራፋ፣ አልፎ አልፎ አየር ሊስብ ይችላል። ቤተሰብ ይህን አይቶ «ይተነፍሳል» ይላል። በዚህ መልስ የረካ ጥሪ ተቀባይ ሰውየውን ያጣዋል። ስለዚህ የሠለጠነው «እንደ ወትሮው ነው የሚተነፍሰው?» ብሎ ይጠይቃል። ከተጠራጠረ ደግሞ «አየር በሳበ ቁጥር ‹አሁን› በሉኝ» ብሎ በመካከል ያለውን ጊዜ ይለካል። ሰውየው ራሱን ስቶ ትንፋሹም ጤናማ ካልሆነ ሌላ ምልክት አይጠብቅም፤ ሰውየውን መሬት ላይ አስተኝተው ደረቱን መሐል ለመሐል በሁለት እጅ፣ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ እንዲጫኑ ያዛል፤ አብሯቸውም ይቆጥራል። ልቡ ያልቆመ ሰው ደረት በስህተት ቢጫኑ ጉዳቱ ትንሽ ነው። የቆመበትን መተው ግን ሞት ነው።

የሚጮህ ጠሪን ማረጋጋትም ይሠለጠንበታል። ጥሪ ተቀባዩ ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ አንዱን ትእዛዝ ከነምክንያቱ፣ ቃል ሳይለውጥ፣ ጠሪው እስኪሰማው ይደጋግመዋል።

የሚያሳዝነው የሥልጠናው መጠን ከግዛት ግዛት መለያየቱ ነው። በ2008 ፍሎሪዳ ውስጥ ዴኒዝ አምበር ሊ የተባለች ወጣት እናት ታፍና ስትወሰድ፣ አንዲት አሽከርካሪ ከአፋኙ መኪና ጩኸት ሰምታ ለ911 ደውላ ነበር። አቅጣጫውን እየተከተለች ብትናገርም መረጃው በመንገድ ላይ ለነበሩት ፖሊሶች ሳይተላለፍ ቀረ፤ ወጣቷም ተገደለች። ከዚያ በኋላ ፍሎሪዳ የ232 ሰዓት ሥልጠናን በሕግ ግዴታ አደረገች። ለዚህ ሕግ የሰው ሕይወት መጥፋት አልነበረበትም። ሙያው የሚገባውን ቦታ አላገኘም፤ በ2018ቱ የፌዴራል የሙያዎች ምደባ እንኳ ጥሪ ተቀባዮች ከጽሕፈት ቤት ረዳቶች ጋር ነው የተመደቡት። ይህ ስህተት ነው።

ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ያላችሁ ወገኖች፣ 911 ስትደውሉ በቅድሚያ ያላችሁበትን ቦታ ተናገሩ። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ «አምሃሪክ» በሉ፤ አስተርጓሚ በስልክ ይገባል። አዲስ አበባ ሆናችሁ 907 ወይም 939 ስትደውሉም ሰፈሩንና በአቅራቢያው ያለውን የታወቀ ምልክት አስቀድሙ። ጥያቄ ሲበዛባችሁም አትቆጡ፣ ስልኩንም አትዝጉ።