ያገለገለ ላፕቶፕ ሲገዛ የፕሮሰሰሩ ዕድሜ ለምን ይታያል?

ለትምህርት፣ ለሥራ ፍለጋና በበይነ መረብ የሚሰጡ አገልግሎቶችን ለማግኘት ላፕቶፕ የሚያስፈልጋቸው ዜጎች ብዙ ናቸው። አዲስ ለመግዛት አቅማቸው የማይፈቅድ ቤተሰቦች ያገለገሉ ላፕቶፖችን ይመርጣሉ። ገበያ ላይ ከሚቀርቡት መካከል ከስምንትና ከዘጠኝ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ፕሮሰሰር የያዙ ይገኙባቸዋል። ከነዚህ አንዳንዶቹ ለተጨማሪ ዓመታት በሚገባ የሚያገለግሉ ሲሆኑ፣ ሌሎቹ ግን በተገዙ ማግስት የደኅንነት ጥበቃ የማያገኙ ናቸው። ሁለቱ በውጭ መልካቸው ስለማይለዩ፣ ለወራት የተጠራቀመ ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት ልዩነቱን ማወቅ ያስፈልጋል።

ፕሮሰሰሩ ለምን ይቀድማል?

ፕሮሰሰር የኮምፒውተሩን ስሌትና ትእዛዝ የሚያከናውነው ዋና ክፍል ነው። በአብዛኞቹ ላፕቶፖች የራም መጠንን ማሳደግ፣ አሮጌውን ሃርድ ዲስክ በኤስኤስዲ መለወጥና የደከመ ባትሪን መተካት ይቻላል። ባለፉት አሥር ዓመታት በተሠሩት ቀጫጭን ላፕቶፖች ላይ ያለው ፕሮሰሰር ግን ከዋናው ሰሌዳ (ማዘርቦርድ) ጋር የተበየደ በመሆኑ በሌላ አይተካም። ስለዚህ ገዢው አስቀድሞ መመርመር ያለበት በኋላ ሊለወጥ የማይችለውን ክፍል ነው።

የፕሮሰሰሩን ትውልድ ከስሙ ማወቅ

ብዙ ገዢዎች «ኮር አይ5» ወይም «ኮር አይ7» የሚለውን ስም ብቻ ይጠይቃሉ። ይህ ስም ደረጃን እንጂ ዕድሜን አይገልጽም። የኢንቴል ፕሮሰሰር ትውልድ የሚታወቀው ከስሙ ቀጥሎ ካለው ቁጥር ነው። አይ5-6300ዩ ስድስተኛ ትውልድ፣ አይ5-7200ዩ ሰባተኛ ትውልድ፣ አይ5-8250ዩ ደግሞ ስምንተኛ ትውልድ ነው። ከአሥረኛው ትውልድ ጀምሮ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ይነበባሉ፤ ለምሳሌ አይ5-10210ዩ አሥረኛ ትውልድ ነው። በመጨረሻ ላይ የሚገኘው «ዩ» የሚለው ፊደል አነስተኛ ኃይል የሚጠቀም መሆኑን፣ «ኤች» ደግሞ ከፍተኛ አቅም ያለውና ብዙ ኃይል የሚጠቀም መሆኑን ያመለክታል።

ከፍ ያለ ስም ያለው ሁሉ የተሻለ አቅም አለው ማለት አይደለም። አይ7-7500ዩ ሁለት ኮር ብቻ ሲኖረው፣ ከእርሱ አንድ ዓመት ገደማ ዘግይቶ በ2009 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ይፋ የሆነው አይ5-8250ዩ አራት ኮር አለው። ስለዚህ «አይ7 ስለሆነ» በሚል ምክንያት ለቀድሞው የበለጠ ዋጋ መክፈል አያዋጣም። አዲስነትም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ሁለት ኮር ብቻ ያለውን ሴለሮን ኤን4000 የያዘ ላፕቶፕ ካርቶኑ ያልተከፈተ ቢሆንም፣ በአቅም ከአይ5-8250ዩ በእጅጉ ያንሳል።

የስምንተኛው ትውልድ ወሰን

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025) አብቅቷል። ማይክሮሶፍት ለግል ተጠቃሚዎች ያዘጋጀው የተራዘመ የደኅንነት ማሻሻያ ተመዝግበው ለሚጠቀሙ ብቻ የሚሰጥ ሲሆን፣ የሚቆየውም እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ በሥርዓቱ ላይ የሚገኙ ክፍተቶች ሳይደፈኑ ይቀራሉ። በእንዲህ ያለ ኮምፒውተር የባንክ ሒሳብ የሚያንቀሳቅስ ወይም የመታወቂያና የትምህርት ማስረጃውን የሚልክ ሰው ገንዘቡንና የግል መረጃውን ለአደጋ ያጋልጣል።

ተከታዩ ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት የማከማቻ ቦታና ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ክፍል ይጠይቃል። ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች መካከል በይፋ የሚደግፈው፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ ስምንተኛውን ትውልድና ከዚያ ወዲህ የመጡትን ነው። ከኤኤምዲ የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች ደግሞ ራይዘን 3000 ተከታታይንና ከእርሱ በኋላ የወጡትን መምረጥ ያስተማምናል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚያሻው ጉዳይ አለ። ዊንዶውስ 11 መመዘኛውን በማያሟሉ ላፕቶፖች ላይም በልዩ ዘዴ ሊጫን ይችላል። ማይክሮሶፍት ግን ለእነዚህ ኮምፒውተሮች ማሻሻያ እንደሚያደርስ ዋስትና አይሰጥም። ስለዚህ በሱቁ ውስጥ ዊንዶውስ 11 ተከፍቶ መታየቱ ብቻ ላፕቶፑ ድጋፍ እንዳለው ማረጋገጫ አይሆንም።

ከስምንተኛው ትውልድ በፊት የነበሩት ጥቅም የላቸውምን?

ሙሉ በሙሉ ጥቅም የላቸውም ማለት አይቻልም። አምስተኛ፣ ስድስተኛ ወይም ሰባተኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ያለው ላፕቶፕ በነጻ የሚገኙትን ኡቡንቱንና ሊኑክስ ሚንትን የመሳሰሉ የሊኑክስ ሥርዓቶች ተጭነውበት የደኅንነት ማሻሻያ ማግኘቱን ሊቀጥል ይችላል። ለምሳሌ የኡቡንቱ 24.04 መደበኛ ድጋፍ እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ይዘልቃል። ጽሑፍ ለማዘጋጀት፣ ድረ ገጽ ለመጠቀምና የኮዲንግ መሠረታዊ ትምህርት ለመከታተል ይህ በቂ ነው። ሆኖም በዊንዶውስ ላይ ብቻ የሚሠሩ የሒሳብ አያያዝ ወይም የንድፍ ፕሮግራሞች የሚያስፈልጉት ሰው ይህን አማራጭ ሊወስድ አይገባም። ዋጋውም ከስምንተኛው ትውልድ በግልጽ ዝቅ ያለ ሊሆን ይገባል።

ለዕለታዊ ሥራ የሚበቃው

አራት ኮር ያለው የስምንተኛ ትውልድ ፕሮሰሰር 8 ጊጋባይት ራምና ኤስኤስዲ ከታከለበት ለቢሮ ሥራ፣ ለበይነ መረብ ትምህርት፣ ለቪዲዮ ስብሰባና ለጀማሪ የሶፍትዌር ልማት ዛሬም በሚገባ ያገለግላል። ብዙዎች «ፕሮሰሰሩ አርጅቷል» የሚሉት ዝግታ በአብዛኛው የሚመነጨው ከሃርድ ዲስኩና ከራሙ ማነስ ነው። ሃርድ ዲስክ በሴኮንድ 100 ሜጋባይት ገደማ ሲያነብ፣ መደበኛው የሳታ ኤስኤስዲ 500 ሜጋባይት አካባቢ ያነባል። ለከባድ የቪዲዮ ቅንብር፣ ለባለሦስት ገጽታ የምሕንድስና ንድፍና ለዘመናዊ ጨዋታዎች ግን እንዲህ ያለው ላፕቶፕ አይመከርም።

ከመክፈል በፊት መረጋገጥ ያለባቸው

1. የፕሮሰሰሩ ሙሉ ስም፦ በላፕቶፑ ላይ የተለጠፈው ምልክት ሊቀየር ስለሚችል፣ በ«ሴቲንግስ» ውስጥ «ሲስተም»፣ ቀጥሎም «አባውት» የሚለውን ከፍቶ ማንበብ ይገባል።

2. የዊንዶውስ 11 ብቁነት፦ ማይክሮሶፍት በነጻ የሚያቀርበው «ፒሲ ኸልዝ ቼክ» የተባለ ፕሮግራም ላፕቶፑ መመዘኛውን ማሟላቱንና አለማሟላቱን ይገልጻል።

3. የራምና የማከማቻው ዓይነት፦ «ታስክ ማናጀር» ውስጥ «ፐርፎርማንስ» በሚለው ክፍል የኮሮቹ ብዛት፣ የራሙ መጠንና ዲስኩ ኤስኤስዲ መሆን አለመሆኑ ይታያል። በአንዳንድ ሞዴሎች ራሙም የተበየደ ስለሆነ ሊጨመር መቻሉን መጠየቅ ተገቢ ነው።

4. ባትሪው፦ መብራት በሚቋረጥበት አካባቢ ባትሪው ልዩ ትኩረት ያሻዋል። ላፕቶፑን ከኃይል ነቅሎ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት እየሠሩበት የሚቀንሰውን መጠን መከታተል ሁኔታውን ያሳያል።

5. የባለቤትነት ቁልፍ፦ ቀድሞ የድርጅት ንብረት የነበሩ ላፕቶፖች በይለፍ ቃል ወይም በርቀት መቆጣጠሪያ ተቆልፈው ሊገኙ ይችላሉ። ላፕቶፑ ጠፍቶ ሲነሣ ወደ «ባዮስ» ያለ ይለፍ ቃል መግባት መቻሉን ማየት ያስፈልጋል።

6. ጠቅላላ ወጪው፦ ኤስኤስዲ፣ ተጨማሪ ራምና አዲስ ባትሪ የሚያስፈልጉ ከሆነ ዋጋቸው ከላፕቶፑ ዋጋ ጋር ተደምሮ ከሌሎች አማራጮች ጋር ሊነጻጸር ይገባል። ርካሽ የመሰለው ላፕቶፕ ከተደመረ በኋላ ውዱ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። በመሆኑም ገዢው የፕሮሰሰሩ ሙሉ ስም፣ የራሙ መጠንና የዋስትናው ጊዜ በደረሰኙ ላይ እንዲጻፍለት መጠየቁ ተገቢ ነው። ከእነዚህ አንዱ ከተነገረው ተለይቶ ቢገኝ፣ አቤቱታውን የሚያስረዳለት ይኸው ሰነድ ነው።

በአጠቃላይ ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ ወዲህ የሆነ፣ አራት ኮርና 8 ጊጋባይት ራም ያለው፣ ኤስኤስዲ የተገጠመለት ላፕቶፕ በተመጣጣኝ ዋጋ ከተገኘ፣ ዕድሜው ብቻውን እንዳይገዛ የሚያደርግ ምክንያት አይሆንም። ከዚያ በታች ያለውን የሚመርጥ ሰው በሊኑክስ ለመጠቀም አስቀድሞ ሊወስንና ዋጋውንም በዚያው ልክ ሊከራከር ይገባል።