ቃጠሎ ሲደርስ ከቅቤ በፊት ውኃ

ቤር ሼቫ ውስጥ በክሊኒክ የምንሠራ ነርሶች እሑድ ጠዋት በብዛት የምናየው ሕመምተኛ አለ፤ የሰንበት ፕላታ የነካ ሕፃን፣ ጀበና የተደፋበት እጅ ወይም የምጣድ እንፋሎት ያገኘው ክንድ። ብዙዎቹ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ዱቄት ወይም የጥርስ ሳሙና ተቀብተው ይመጣሉ። ቅቤ ሙቀቱን ቆዳው ውስጥ ያፍነዋል፤ ጥሬ እንቁላል ደግሞ ቁስሉን ሊያመረቅዝ ይችላል። እኛም ቁስሉን ለማየት የተቀባውን ማጠብ ስላለብን ሕመሙ ይብሳል።

በመጀመሪያ የተቃጠለውን ቦታ ለ20 ደቂቃ በቧንቧ ቀዝቃዛ ውኃ ሥር ያድርጉ። ቃጠሎው ከደረሰ 3 ሰዓት ካላለፈው ውኃው አሁንም ይጠቅማል። በረዶ ግን አያድርጉበት። ሕፃን ከሆነ የቀረው ሰውነቱ እንዳይበርደው ይሸፍኑት። እብጠት ሳይጀምር ቀለበትና አምባር ያውልቁ፤ ከቆዳ ጋር የተጣበቀ ልብስ ግን አይጎትቱ። ውኃ የቋጠረውን አያፍርጡ፤ በንጹሕ ጋዝ ላላ አድርገው ይሸፍኑት።

ቃጠሎው ከተጎጂው መዳፍ ከሰፋ፣ ፊት፣ እጅ፣ እግር፣ መገጣጠሚያ ወይም ብልት ላይ ከሆነ፣ ቆዳው ከነጣ ወይም ከከሰለ፣ ተጎጂው ሕፃን፣ አዛውንት ወይም የስኳር ሕመምተኛ ከሆነ በቤት ውስጥ አይታከምም። ወደ ሐኪም ወይም ወደ ሶሮካ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ ከባድ ከሆነ 101 ይደውሉ። በጠቆረ ቆዳ ላይ ቅላት በደንብ ስለማይታይ በቀጣዮቹ ቀናት የሚጨምር ሕመም፣ እብጠት፣ ሙቀት ወይም መግል መኖሩን ይከታተሉ።

በጽዳት ሥራ ላይ ያላችሁ፣ ኤኮኖሚካ ወይም ሌላ ኬሚካል ከፈሰሰባችሁ የረጠበውን ልብስ አውልቃችሁ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ በብዙ ውኃ ታጠቡ። ዓይን ከገባ እያጠባችሁ እርዳታ ጥሩ። ኤኮኖሚካን ከሌላ ማጽጃ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ፤ መርዛማ ጋዝ ሊወጣ ይችላል። እጃችሁ የሚያሳክክና የሚሰነጣጠቅ ከሆነ ጓንት አድርጉ፤ ከሥራ በኋላ እጃችሁን አድርቃችሁ ቫዝሊን ወይም ሽታ የሌለው ክሬም ተቀቡ። ጓንቱ ራሱ ሽፍታ ካመጣ ዓይነቱን ቀይሩ። በሁለት ሳምንት ካልተሻለ ሐኪም ይየው።

በመጨረሻም፣ በሥራ ቦታ የተቃጠሉ አንዳንድ ሰዎች ሥራቸውን እንዳያጡ ፈርተው «ቤት ውስጥ ነው» ይሉናል። እንዲህ ሲሉ መብታቸውን ያጣሉ። አደጋው የት፣ መቼና እንዴት እንደደረሰ ለሐኪሙ በትክክል ንገሩ፤ እንዲያስመዘግብላችሁም ጠይቁ። ከአሠሪያችሁ የቢቱዋሕ ለኡሚን ቅጽ 250 ተቀብላችሁ ለኩፓት ሆሊም ስጡ። ከሥራ የሚያስቀር ጉዳት ከሆነ የሥራ አደጋ የሕክምና ማስረጃ ያዙ፤ የጉዳት ክፍያ ጥያቄውንም 12 ወር ሳያልፍ ለቢቱዋሕ ለኡሚ አስገቡ። ቅጹ ካልገባችሁ ወደ ክሊኒክ ስትመጡ ይዛችሁት ኑ፤ አብረን እናየዋለን።